ከበግ ጠጉር እስከ ባና፦ ደሴ ላይ የሱፍ ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ

ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። «ባና ማሠራት ፈልጌ ነበር፣ ሸማኔ የት ላግኝ?» ነው የሁሉም ጥያቄ፤ ባና ያው ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ጠጉሩስ ከየት ነው?» እላቸዋለሁ። ሸማኔ ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። የሚያስቸግረው ጠጉሩ ነው። ባናው ይሞቃል ወይ፣ ይኮሰኩሳል ወይ፣ ዓመት ሳይሞላው ይበጣጠሳል ወይ የሚለው ነገር የሚወሰነው ክሩ ሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት ነው። በጉ ሲሸለት፣ ጠጉሩ ሲለቀምና ሲታጠብ አብዛኛው ነገር አልቋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ የሽመናውን ነገር ግን ቶሎ ቶሎ እለዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ በጉ። በግ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ከአፋር በኩል የሚወጣውን በግ አይታችሁ ከሆነ ጸጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው፣ እንደ ፍየል። እሱ ለሥጋ ነው። የሚፈተል ጠጉር ያለው የደጋው በግ ነው፤ የመንዙ፣ ከእኛ ደግሞ የለጋምቦው፣ የወረኢሉው፣ የደላንታው። ብርዱ ነው እንደዚያ ያለበሰው። ከላይ ረጅምና ሻካራ ጠጉር አለው፣ ከሥር ደግሞ አጭርና ለስላሳ። ጣታችሁን ጀርባው ላይ ሰድዳችሁ ገለጥ ስታደርጉት ሁለቱም ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በሜሪኖ ሱፍ የተሠራ ሹራብ ለብሳችሁ ያንን ልስላሴ ከእኛ በግ የምትጠብቁ ከሆነ አታገኙትም። የሜሪኖ ጠጉር ውፍረቱ ከ17 እስከ 24 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ) ገደማ ነው፣ የእኛ የደጋ በግ ግን ሻካራ ከሚባለው ወገን ነው። አንገት ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ ብትሠሩበት ያሳክካችኋል። ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ፣ ምንጣፍ፣ ስጋጃ ግን እንደሱ የሚያምርበት የለም። ሻካራነቱ ለእነዚህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ይጠነክራል፣ ሲረግጡት ቶሎ አይተኛም። በጎኑ ደግሞ ለስለስ ያለ ከፈለጋችሁ የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ጠይቁ። እሱ ከእናቱ ጠጉር በእጅጉ ይለያል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ከእስራኤል የመጣውን አዋሲ ከመንዝ በግ ጋር ያዳቀሉት ዘርም አለ። የአዋሲ ክልስ ጠጉሩ ረዘም ይላል፣ ከአንድ በግ የሚገኘውም ይበዛል። ካገኛችሁ አትለፉት።

ብዛቱን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ከአንድ የደጋ በግ በአንድ ሽልት አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከታጠበ በኋላ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ «ጎረቤቴ ሦስት በግ አላት፣ ባና አሠራለሁ» የሚለው አያስኬድም። ከአንድ ሰፈር ገበሬዎች ተሰብስቦ ነው የሚሆነው። እኔ የምገዛው ከላይ ከደጋው ከሚመጡ ገበሬዎች ነው፣ መጀመሪያ ሰኞ ገበያ ላይ የተዋወቅኳቸው ናቸው። አሁን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ ሲሸልቱ ለየብቻ አስረው ያቆዩልኛል። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ የተከመረ ጠጉር ብትገዙም ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ምን እንዳለ እጃችሁን አስገብታችሁ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ከላይ የሚያምረው ይቀመጣል፣ ከሥር የሆድና የጭራ ጠጉር ከእበቱ ጋር ይታጨቃል።

ሽለታውን ራሳችሁ ባትሠሩትም ቆማችሁ እዩት። በጉ ደረቅ መሆን አለበት። ዝናብ መትቶት የተሸለተ ጠጉር ጆንያ ውስጥ ያድርና ይሻግታል፣ ያ ሽታ ደግሞ በምንም አይለቅም። ከሥሩ ሸራ ወይም ንጹሕ ጆንያ ይነጠፋል። መቀሱ ስለታም ይሁን። አንድ ጊዜ ከቆዳው ጠጋ አድርጎ መቁረጥ ነው እንጂ መጀመሪያ ከመሃል ቆርጦ፣ አጭር ቀረ ብሎ እንደገና ከሥር መቁረጥ የጠጉር ሞት ነው። ያ ሁለተኛው ቁራጭ ጣት የማይዘው ብናኝ ይሆናል። ሲፈተል ክሩ ላይ እንደ ጉድፍ ይቋጠራል፣ ባናው ላይ ደግሞ እየተነቃቀለ ይወጣል። ከሽላቹ ጋር ተነጋገሩ፣ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ክፈሉት። ጨርቁን የሚያድነው ያ ጭማሪ ነው።

ጊዜውም አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል፣ በዚያ ወቅት በግ ራቁቱን ማስቀረት ነውር ነው። እኔ የምገዛባቸው ገበሬዎች ፀሐዩ ሲበረታ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሸልቱ ይመርጣሉ። በጉ ዝናቡ እስኪደርስ ትንሽ ያበቅላል። «ለኔ ብለህ አሁን ሸልትልኝ» ብላችሁ ገበሬውን አታስቸግሩት። በጉ ከታመመ የእሱ ኪሳራ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ነገር። የሞተ በግ ጠጉር አትግዙ። ታርዶ የተበላን አላልኩም፣ ታሞ የሞተን ነው። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ በጠጉርና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፣ አቧራው ሲተነፈስ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በድሮ ጊዜ እንግሊዝ አገር የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ጠጉር የሚለቅሙ ሠራተኞች በዚህ ነበር የሚያልቁት፤ በሽታው በእነሱ ሥራ ስም ይጠራ ነበር። አገራችን ውስጥ አባ ሰንጋ አሁንም አለ። ስለዚህ ጠጉሩ የማን በግ እንደሆነ ዕወቁ። ደረቁን ስትለቅሙ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ይሁን። ቁስል ያለበት እጅ ጓንት ያድርግ። እጅ ላይ ሕመም የሌለው፣ መሃሉ እየጠቆረ የሚሄድ ቁስል ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱና «ጠጉር ነው የምሠራው» ብላችሁ ንገሩ። በጊዜ ከተያዘ መድኃኒት አለው።

የበዓል በግስ? ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ለአረፋና ለፋሲካ ደሴ ውስጥ ስንት በግ ይታረዳል! የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ቆዳው በየመንገዱ ተጥሎ ነው የሚታየው። ያ ሁሉ ጠጉር ነው። ቆዳው ጨው ሳይነካው፣ በዕለቱ፣ በመቀስ ሸልታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ሰፈር ውስጥ አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ሰው በደስታ ይሰጣችኋል። በኖራና በኬሚካል ከቆዳው የተነቀለ ጠጉር ግን ሌላ ነው። ሥሩ የተበላ ስለሆነ ክሩ ደካማ ይሆናል። ርካሽ ነው ተብሎ ቢመጣላችሁ ለፍራሽ ካልሆነ አትውሰዱት።

ለቀማው። ጠጉሩን ሸራ ላይ ዘርግታችሁ ታዩታላችሁ። የትከሻና የጎን ጠጉር ምርጡ ነው፣ ለብቻው። የኋላ እግርና የታፋ ሻካራ ነው፣ እሱ ለምንጣፍ ማግ (በአግድም ለሚገባው ክር) ይሆናል። የሆድ ጠጉር አጭርና የተጠላለፈ ነው፣ ለትራስ መሙያ። እበት የተጋገረበት ይጣላል፣ ወይም ለጓሮ አትክልት ይሂድ፣ ጥሩ ፍግ ነው። ከዚያ በቀለም መለየት ነው። ይህንን ሥራ ከልጆች ጋር ሆነን እንሠራዋለን፣ ቡናም ይፈላል። ጭራሮውን፣ አሜከላውን፣ ገለባውን በዚህ ሰዓት ያላወጣ ሰው በኋላ ክሩ ላይ ያገኘዋል።

አሁን እጥበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጠጉር የሚጠፋው።

የበግ ጠጉር የራሱ ቅባት አለው። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ያ ወዝ ነው፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ላኖሊን ከእሱ ይወጣል። ይህ ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ። ቴርሞሜትር የለኝም አትበሉ፣ ቀላል ነው። ደሴ ከፍታዋ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የፈላውን እኩል ከቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉት የምትፈልጉት ሙቀት አጠገብ ይመጣል። እጅ ገብቶ ወዲያው «ውይ» ብሎ የሚወጣበት ነው።

ሳሙናው ለስላሳ ይሁን። የገላ ሳሙና ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል። በረኪና በጭራሽ! ጠጉር እንደ ጥጥ አይደለም፣ እንደ ራሳችን ጸጉርና ጥፍር ፕሮቲን ነው። በረኪና ያሟሟዋል። ካላመናችሁ ትንሽ ቁንጥር ጠጉር በበረኪና ኩባያ ውስጥ ጣሉና ተመልሳችሁ እዩ፣ ታጡታላችሁ። አመድና ኃይለኛ የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቀስ እያሉ ያንኑ ያደርጋሉ፣ ጠጉሩን ያደርቁታል፣ ይሰባብሩታል።

እንዶድ ያለው ሰው ደግሞ እድለኛ ነው። የደረቀውን ፍሬ ወቅጣችሁ በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፉት አረፋው ይወጣል፣ አጥልላችሁ መጠቀም ነው። ጠጉርን አይጎዳም፣ ጥሩ አድርጎም ያጸዳል። ግን የእንዶዱን እጣቢ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። እሳቸው ቀንድ አውጣው ለሚያዛምተው ለቢልሃርዚያ መከላከያ አሰቡት፣ ለዓሣ ግን መርዝ ነው። ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ አፍስሱት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳሙናውን መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ቀላቅሉ። ጠጉሩን ከላይ አስቀምጡና በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ከዚያ እጃችሁን አውጡ። ማሸት የለም፣ ማማሰል የለም፣ እንደ ልብስ መፈተግ ፈጽሞ የለም። ይህንን ደጋግሜ የምናገረው የጠጉሩ ልጥ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ ነው፣ እንደ ዓሣ። ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ አንዴ ከተቆላለፉ የሚፈታቸው የለም። ጠጉሩ ጠፍጥፎ ይወጣል፣ የሚፈተልም ነገር አይቀራችሁም። ጥቂት ደቂቃ፣ ምናልባት ሩብ ሰዓት ይቆይ። ውሃው ይደፈርሳል፣ ቡና እንደተደፋበት ይሆናል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ አውጡት፣ ከቀዘቀዘ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ይለጥፍበታል። ሌላ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ውሃ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት መወርወርም ያኮማትረዋል። ውሃው ጠራ እስኪል ትደጋግሙታላችሁ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፤ የሳሙናውን ትርፍ ያወጣል፣ ጠጉሩንም ያለሰልሰዋል።

ያልታጠበውን መዝናችሁ፣ የታጠበውንም መዝኑ። እኔ ዘንድ ሲሶው ያህል አፈርና ቅባት ሆኖ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ዋጋ ስትተምኑ ይህንን ካላሰባችሁ ኪሳራ ነው።

ማድረቁ ለደሴ ሰው ፈተና ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ሲውል ምን ይደርቃል? እኔ ትልቅ እጥበት ሲኖረኝ ጠጉሩን ይዤ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት እወርዳለሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ጓሮዋ ላይ የአልጋ ሽቦ ዘርግታ ጠጉሩን በላዩ በስሱ ትበትንልኛለች፣ ከሥርም ከላይም ነፋስ ያገኘዋል። በቀጥታ እሳት ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፣ ይደርቅና ይሰበራል። ጥላ ሥር ነፋሻ ቦታ ይሻላል። ኮምቦልቻ የጨርቅ ከተማ ናት፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቆዳ ፋብሪካው አለ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ጨርቃ ጨርቁ ግን የጥጥ ነው። የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራው ፋብሪካ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። እኛ ጋ ጠጉር አሁንም የእጅ ሥራ ነው። ያ ሁሉ የደጋ በግ ራስጌያችን ላይ እያለ ያሳዝነኛል፣ እውነቴን ነው።

ከደረቀ በኋላ መንደፍና ማባዘት ነው። ጥጥ የፈተለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጠጉር ፍሬ ስለሌለው መዳመጥ አያስፈልገውም። በደጋን ስትነድፉት ይፈታታል፣ ይነፋፋል፣ የቀረው አቧራም ይረግፋል። ባለ ሽቦ ብሩሽ ጥንድ ካገኛችሁ ደግሞ በሁለቱ መሃል እያበጠራችሁ ባዘቶ ታደርጉታላችሁ። ጠጉሩ በጣም ከደረቀና ኤሌክትሪክ እየያዘ እጅ ላይ ከተለጠፈ የዘይት ጠብታ መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። ወዲያው ይገራል።

መፍተሉን የተማርኩት ከሰፈራችን እማማ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ሁሉን ያያል። እንዝርቱን ታፋቸው ላይ አንከባለው ይለቁታል፣ በግራ እጃቸው ባዘቶውን ከፍ አድርገው ይዘውታል፣ ክሩ በመሃል ራሱን እየሳበ ይወርዳል። እኔ ስይዘው «አታንቂው፣ ልቀቂለት የኔ ልጅ፣ እሱ ራሱ ይመጣልሻል» ይሉኛል። ነገሩ በእርግጥ እሱ ነው። ጠጉር ረጅም ስለሆነ ከጥጥ ይልቅ ለመፍተል ይቀላል። ጣት ከጠበቀ ግን ይቆራረጣል። ለጥጥ የሚሆነው ቀላል እንዝርት ለወፍራም የሱፍ ክር አይበቃም፣ ከበድ ያለ ይፈልጋል። ከሥር ያለውን እንክብል ትልቅ አድርጎ እንዲሠራላችሁ ለእንጨት ሠሪ ንገሩት።

ለምንጣፍ ነጠላ ክር ይበቃል። ለባና ድር (በቁመት ለሚወጠረው ክር) ግን ሁለት ክር አንድ ላይ መግመድ ይሻላል። ስትፈትሉ ወደ ቀኝ ካሽከረከራችሁ ስትገምዱ ወደ ግራ ነው፤ ያኔ ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ አይጥመለመሉም። ከዚያ ልቃቂቱን ፈትታችሁ በእርጥቡ አንጠልጥሉትና ከታች ትንሽ ክብደት እሰሩበት። ሲደርቅ ክሩ ጸጥ ይላል።

ወደ ሸማኔው ስትሄዱ። አብዛኛው ሸማኔ እጁ የለመደው ጥጥ ነው፣ ጋቢና ነጠላ። ማበጠሪያው ለቀጭን ድር የተሠራ ነው። የሱፍ ድር በዚያ ሲያልፍ ይፋተጋል፣ ጠጉሩ ይነሳል፣ ይጣበቃል፣ ይበጠሳል፣ ሸማኔውም ይማረራል፣ እናንተም ሥራው ለምን ዘገየ ብላችሁ ትጣላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ ሰፋ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ያለውን፣ ምንጣፍና ባና የሚሠራ ሸማኔ ፈልጉ። ወይ ድሩን ከገበያ የጥጥ ድር ገዝታችሁ ማጉን ብቻ ሱፍ አድርጉት። ለጀማሪ ሁለተኛውን ነው የምመክረው። የጥጥ ድር አይለጠጥም፣ አይቆራረጥም፣ ሥራውም ይፈጥናል። ለስጋጃና ለምንጣፍ ደግሞ እንዲያውም የተሻለ ነው። ሸማኔውን ስታነጋግሩ ግን ማጉን በጣም እንዳይጠቀጥቀው ንገሩት። የእኔው ጋሼ መጀመሪያ «ሳሳ ካለ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ነበር። ከረገጥነው በኋላ የሆነውን ሲያዩ ነው የተቀበሉት።

መርገጥ ያልኩት ይህ ነው። ከሽመና የወረደ የሱፍ ባና ገና ባና አይደለም፣ ብርሃን ያሳልፋል። ድሩም ማጉም ሱፍ ከሆነ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃና ሳሙና አድርጋችሁ በባዶ እግር ትረግጡታላችሁ። እጥበት ላይ እንዳይሆን የጠበቅነውን መቆላለፍ አሁን ሆን ብለን እናመጣዋለን። መጀመሪያ ምንም አይለወጥም። ከዚያ እግር ሥር እየከበደ፣ እየወፈረ ይሄዳል፣ የክሮቹ ቀዳዳ ይደፈናል። በየመሃሉ አውጥታችሁ አጥፉት፣ አቅጣጫውን ቀይሩት፣ አለበለዚያ በአንድ በኩል ብቻ ይኮማተራል። ብርሃን ማሳለፉን ሲያቆም ይበቃዋል። ከዚህ በኋላ ነፋስም ቶሎ አያልፈውም፣ ካፊያም ላዩ ላይ ይንከባለላል። በርኖስ ለብሶ በዝናብ የሚሄደው እረኛ የማይበሰብሰው ለዚህ ነው።

ባናው በዚህ ጊዜ ሩብ ያህል ሊያጥር እንደሚችል አስቡና ሲሸመን ትልቅ አድርጋችሁ አሠሩ። እርግጠኛ ለመሆን ከዚያው ክር የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ አሠርታችሁ አስቀድማችሁ ርገጡት፣ ለክታችሁ ታውቁታላችሁ። ድሩ ጥጥ ከሆነ ግን አትርገጡት። ሱፉ ሲኮማተር ጥጡ አይኮማተርም፣ ጨርቁ ይጨማደዳል። እሱን በለብታ ውሃ አጠብ አድርጎ ዘርግቶ ማድረቅ ብቻ ነው።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። የእኛ በግ ቀለሙን ይዞ ነው የሚወለደው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ዳለቻ። ወደ ላስታ በኩል ጥቁሩ ይበዛል። ነጩንና ጥቁሩን አንድ ላይ ስታባዝቱት ደግሞ የሚያምር ገብስማ ይወጣል፣ የትኛውም ነካሪ እንደዚያ አያወጣውም። የተፈጥሮው ጥቁር ከገበያ በተገዛ ቀለም እንደተነከረው ውሃ ሲነካው አይለቅም። ጫፉ ፀሐይ መትቶት ቀላ ያለ ጥቁር ካያችሁ አትጥሉት፣ ሲፈተል ይቀላቀላል።

ስትሸጡም ሆነ ስትገዙ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር አለ። ገበያው «ሱፍ ነው» በሚባል ፕላስቲክ ብርድ ልብስ ተሞልቷል። አንድ ደንበኛዬ ከአንድ ሱቅ በውድ ዋጋ ገዝታ መጣችና «የአንቺ ለምን እንደዚህ አይለሰልስም?» አለችኝ። ከጫፉ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። ቀልጦ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ሆነ። የኔን ለኮስኩት፣ እንደተቃጠለ ጸጉር ሸተተ፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ጠፋ፣ አመዱ በጣት ሲነካ ደቀቀ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። ይህን ለደንበኛ በዓይኑ ማሳየት ከብዙ ወሬ ይሻላል፤ ብርድ ልብስ ልጆች የሚተኙበት ስለሆነ ደግሞ እሳት ላይ መቅለጡና አለመቅለጡ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ብል ነው። ስንት የለፋችሁበትን ባና በአንድ ክረምት ወንፊት ያደርገዋል። የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን እንቁላሉ ተፈልፍሎ የሚወጣው ትል ነው። ላብና ምግብ የነካው ቦታ ላይ ይበረታል፣ ጨለማና ያልተነካ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ባና ሳይታጠብ ወደ ሣጥን አይገባም። በለብታ ውሃ፣ ሳይታሽ፣ ሳይጠመዘዝ፤ ውሃውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጭናችሁ አውጡትና ዘርግታችሁ አድርቁ፣ አንጠልጥላችሁት ከሆነ በራሱ ክብደት ይረዝማል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ነፋስ በማያስገባ ላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ፣ መስከረም ሲጠባ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አገላብጡት፣ ስፌቱንና እጥፋቱን በብሩሽ ጥረጉት። ያልተፈተለ ጠጉር በጆንያ ያስቀመጣችሁም ያንኑ አድርጉ፤ ያልታጠበ ጠጉር ቤት ውስጥ አታሳድሩ፣ ብሉን ለባናው ይዞ የሚገባው እሱ ነው።